ኮምቦልቻ ላይ ኮተም ለሚማሩ፦ ከፕላን እስከ ክፍያ

ሲቪል የሚማረው ጓደኛችሁ ቢሙ (ጭነት ተሸካሚው አግድም አርማታ) ይሸከማል ወይስ አይሸከምም ብሎ ይጠይቃል። የግንባታ ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት፣ ተማሪው በአጭሩ ኮተም የሚለው፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ቢም ስንት ኪሎ ፌሮ፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ቀንና ስንት ብር ይበላል? ከየትኛው ሥራ በኋላ ይመጣል? ቢዘገይ ወይም ቢበላሽ በውሉ መሠረት የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ልዩነት ሳያጤኑ ሦስተኛ ዓመት የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ምርጫዬ ሲቪል ነበር ብለው ኢታብስ በሚባለው የሕንፃ መተንተኛ ሶፍትዌር ላይ ተጥደው የሲቪሉን ተማሪ ሲያሳድዱ ይከርማሉ። ኢታብስ ማወቅ አይከፋም። ሳይት ላይ ግን ከኮተም ምሩቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ከፕላን ላይ ትክክለኛ መጠን ማውጣት፣ ዋጋ መተንተን፣ ክፍያ ማዘጋጀትና የዕለቱን ሥራ በጽሑፍ መያዝ ነው። ይህን የሚችል ተማሪ ሶፍትዌሩን በሁለት ወር ይደርስበታል፤ ሶፍትዌር ብቻ የሚያውቀው ግን ኮምፒውተሩ ያወጣለት ቁጥር ስህተት መሆኑን የሚለይበት ዓይን የለውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ ምሳሌዎቻችን ከኮምቦልቻና ከደሴ መሬት ናቸው፤ ወልድያና ቱሉ አውሊያ ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

ስለ ፍሬሽማን ብዙ የሚባል የለም፤ የትምህርት ክፍል ምደባው በውጤት ስለሆነ ማጥናት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰው የሚጥለው ስታቲክስ (የማይንቀሳቀስ አካል ላይ ያሉ ኃይሎች ጥናት) ነው። የሚጥለውም ሒሳቡ ከብዶ ሳይሆን ተማሪው ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ሳይስል ቀመር ስለሚፈልግ ነው። አካሉን ብቻውን አውጥታችሁ ሳሉ፤ የሚነካውን ሁሉ በኃይል ተኩ፤ ከዚያ ሦስቱን የሚዛን እኩልታዎች ጻፉ። ይህ ልማድ ከሌለ የቁሳቁስ ጥንካሬም፣ የስትራክቸር ትንተናም፣ የአርማታ ዲዛይንም እየተንከባለለ ይመጣባችኋል።

ሰርቬይንግ (የመሬት ቅየሳ) ላይ ትልቁ ችግር መሣሪያውን ሁልጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ቡድኑ ሪፖርቱን በጋራ ያስገባል፤ ነጥቡም የጋራ ነው፤ የሚያውቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጣቢያው ተራ ተለዋወጡ። ለምሳሌ የኮምቦልቻ ከፍታ ከባህር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቤንች ማርኩን (ከፍታው የሚታወቀውን መነሻ ነጥብ) 1850.000 እንበል። ወደ ኋላ ያነበባችሁት 1.325 ከሆነ የመሣሪያው ከፍታ 1851.325 ነው። ወደ ፊት ያነበባችሁት 2.410 ከሆነ የአዲሱ ነጥብ ከፍታ 1848.915 ይሆናል። ስንት ነጥብ ብትሄዱም የኋላ ንባቦች ድምር ሲቀነስ የፊት ንባቦች ድምር ከመጨረሻውና ከመጀመሪያው ነጥብ ልዩነት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ እዚህ ሁለቱም −1.085 ናቸው። ይህ ማረጋገጫ የሚይዘው የመደመርና የመቀነስ ስህተትን ብቻ ነው፤ የንባብ ስህተትን የሚያጋልጠው ዞሮ ወደ መጀመሪያው ነጥብ መመለስ ነው። ስታፍ (ንባቡ የሚወሰድበትን የልኬት ዘንግ) የያዘው ልጅ ከደከመው ስታፉ ያዘነብላል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቢያዘነብል ንባቡ ሁልጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የደሴ ዓይነት ዳገት ላይ ደግሞ የላይኛው እይታ አጥሮ የታችኛው ይረዝማል፤ ሁለቱ ርቀቶች እኩል ካልሆኑ የመሣሪያው የእይታ መስመር ስህተት አይጣፋም። መሣሪያውን በመስመሩ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ወጣ አድርጎ መትከል ርቀቶቹን ያቀራርባል።

ወደ ዋናው እንግባ። መጠን ማውጣት፣ ማለትም ቴክ ኦፍ፣ የዚህ ትምህርት አከርካሪ ነው። ሺቱ አራት አምድ አለው፦ ስንት ጊዜ፣ ልኬት፣ ብዜት፣ መግለጫ። ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የመጨረሻውን ነው፤ «ቁፋሮ» ብሎ ብቻ ይጽፋል። የትኛው አክሲስ (ፕላኑ ላይ ያለ የመሐል መስመር)፣ ከየት እስከ የት፣ ከየትኛው ከፍታ እስከ የትኛው የሚል ካልተጻፈ ከሦስት ወር በኋላ ራሱ ጸሐፊውም አያውቀውም፤ አማካሪ መሐንዲሱማ ጨርሶ አይቀበለውም።

አንድ ትንሽ ምሳሌ በእጅ እንሥራ። ውስጡ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ በ20 ሳንቲ ብሎኬት የሚገነባ ቤት አለ። የድንጋይ መሠረቱ 50 ሳንቲ ስፋት አለው፤ ለመሥሪያ በግራና በቀኝ 25 ሳንቲ ሲጨመር የቦዩ ስፋት 1.00 ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ የላይኛው ቅርፊት ከተጠረገ በኋላ 1.50 ሜትር ነው (ጠረጋው በካሬ ሜትር ለብቻው ስለሚለካ ከቁፋሮው ጋር እንዳይደራረብ)። የግድግዳው መሐል መስመር 2 × (4.20 + 5.20) = 18.80 ሜትር ነው። ዝግ ቅርጽ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ላይ የሚቀነስ የለም፤ ቁፋሮው 18.80 × 1.00 × 1.50 = 28.20 ሜትር ኩብ ይሆናል።

አሁን ቤቱን በአጭሩ አቅጣጫ ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ ጨምሩበት። መሐል ለመሐል 4.20 ሜትር ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ ከዋናው ቦይ ጋር ስለሚገናኝ በየጫፉ የቦዩ ግማሽ ስፋት፣ በድምሩ 1.00 ሜትር ይቀነሳል። 3.20 × 1.00 × 1.50 = 4.80። ሳይቀንስ የሚያወጣ ተማሪ 6.30 ያገኛል፤ 1.50 ሜትር ኩብ አፈር ሁለት ጊዜ ቆፈረ ማለት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ቀጥሎ ይመጣል፦ የድንጋይ ግንቡን ሲያወጣ ያችኑ 3.20 ይዞ ይሄዳል። ግንቡ ግን ስፋቱ 0.50 ስለሆነ የሚቀነሰው 0.50 ብቻ ነው፤ ርዝመቱ 3.70 ነው። ጠቅላላ የግንብ ርዝመት 22.50፣ መጠኑ 22.50 × 0.50 × 1.50 = 16.88 ሜትር ኩብ። የሚቀነሰው ርዝመት ከሥራ ሥራ እንደ ስፋቱ ይለያያል፤ ይህን የያዘ ሰው ኳንቲቲ ሰርቬይንግን (የሥራ መጠን ልኬትን) ገና ከመነሻው ያዘው ማለት ነው።

ጠቅላላ ቁፋሮ 33.00፣ ግንብ 16.88፤ የቀረው 16.12 ሜትር ኩብ ተመልሶ ይሞላል። መማሪያው «በተቆፈረው አፈር ይሞላል» ይላችኋል። ወሎ ላይ እዚህ ቦታ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የኮምቦልቻ ሜዳና የቦርከና ወንዝ ዳር ብዙው ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ይህን አፈር መልሶ መሠረት ጎን መጠቅጠቅ የወለሉን አርማታ ከሥር የሚያነሳ ነገር መቅበር ነው። አፈሩ ዋልካ ከሆነ የተቆፈረው ሁሉ ይጫናል፤ ሲቆፈር ደግሞ ይፈታል። 30 በመቶ ብንይዝ 33.00 ወደ 42.90 ያድጋል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ትራክ ሦስት ምልልስ ነው። ለመሙያ ደግሞ ሰሌክት (የተመረጠ አፈር) ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ ተጠቅጥቆ 16.12 እንዲሆን በዚያው ስሌት ያልተጠቀጠቀ 21 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። ቢል ኦፍ ኳንቲቲው (የሥራዎች መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ «በራሱ አፈር ይሞላል» የሚል ከተጻፈ ግን የሰሌክቱም የማስወገጃውም ገንዘብ የለም፤ ጭቅጭቁ የሚጀምረው መሠረት ሳይወጣ ነው።

ዋልካ መሆኑን በዓይን ከመፍረድ ላብራቶሪው ውስጥ በቀላሉ መለየት ይቻላል። አፈሩን አድርቁ፣ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉ፣ ከተነፋው 10 ሚሊ ሊትር ለኩና 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በያዘ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ለ24 ሰዓት ተዉት። 10 የነበረው 20 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ የነጻ እብጠቱ 100 በመቶ ደረሰ ወይም አለፈ ማለት ነውና መሠረቱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ15 በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም። አፈሩን በአንድ ጊዜ ዘርግፎ መጨመር ታች ይጓጉልና ውጤቱን ያሳንሰዋል፤ በየቡድኑ የሚለያይ ቁጥር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ወደ ደሴ ሲወጣ ችግሩ ይቀየራል። እዚያ ጣጣው ቁልቁለቱና ውሃው ነው። ከተማዋን ስትዞሩ የደገፋ ግንቦችን ተመልከቱ፤ የቆሙትንም፣ ሆዳቸው የተነፋውንም። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ጀርባ ደረቅ አፈር ቢኖር (በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን፣ የግፊት ኮፊሸንት 0.33) በአንድ ሜትር ርዝመት የሚገፋው 27 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ መውጫ ሲያጣ የአፈሩ ድርሻ ወደ 15 ቢወርድም ውሃው ብቻውን 45 ይጨምራል፤ ድምሩ 60። ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ግንቡ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ጠጠር መሙላትና የውሃ መውጫ ቱቦዎች መተው እንደ ማሟያ የሚታይ ሥራ አይደለም። ቢሉ ላይ ለብቻቸው ካልተጻፉ ግንበኛው አይሠራቸውም፤ ቢሠራቸውም ቱቦውን በሲሚንቶ ደፍኖት ታገኙታላችሁ።

ፌሮ ላይ ሁሉም የሚያስታውሰው ቀመር ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል ነው፤ በሜትር የሚመዝነውን ኪሎ ይሰጣል። 8 ሚሊ 0.395፣ 10 ሚሊ 0.617፣ 12 ሚሊ 0.888፣ 16 ሚሊ 1.58። ቀመሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ፌራዮው (ፌሮ ሠራተኛው) የሚቆርጠውን ማወቅ ሌላ ነው። 20 በ40 የሆነ ቢም፣ የአርማታ ሽፋኑ 2.5 ሳንቲ፣ ስታፋው (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው) 8 ሚሊ፣ አቀማመጡ በየ15 ሳንቲ፣ ነጻ ርዝመቱ 4 ሜትር ነው እንበል። የስታፋው ውጫዊ ልክ 15 በ35፣ ዙሪያው 100 ሳንቲ ነው። ለሁለቱ መንጠቆ የዲያሜትሩን አሥር አሥር እጥፍ፣ በድምሩ 16 ሳንቲ ስንጨምር 116 ሳንቲ። ብዛቱ 4.00 ÷ 0.15 = 26.7፣ ወደ 27 ከፍ ይልና አንድ ይጨመራል፤ 28። የተጣራ ክብደቱ 28 × 1.16 × 0.395 = 12.83 ኪሎ። ግዢው ግን እንዲህ አይደለም። ከ12 ሜትር ፌሮ የሚወጣው 10 ስታፋ ነው፤ 40 ሳንቲ ትራፊ ይቀራል። ለ28 ስታፋ ሦስት ፌሮ፣ 36 ሜትር፣ 14.22 ኪሎ ይገዛል። ክፍያ የሚጠየቀው በተጣራው፣ ስቶር የሚያወጣው በሦስቱ ፌሮ ነው። የሁለቱን ልዩነት ቀድሞ ያላሰላ ሰው ፌሮ ተሰረቀ ብሎ ይጮኻል፤ ወይም ሲሰረቅ አያውቅም።

መንጠቆዋን ነገር አትለፏት። ፌራዮው ስለሚቀለው በ90 ዲግሪ ያጥፋታል፤ ስዕሉ ላይ ያለው 135 ነው። አርማታው ሲናወጥና ሽፋኑ ሲረግፍ በ90 የታጠፈው ስታፋ ይከፈታል፣ ቋሚው ፌሮም ወደ ውጪ ይቆለመማል። ኮምቦልቻ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነች። ከዚህ በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። እዚህ አገር መንጠቆ መቁጠር የቅንጦት ሥራ አይደለም።

አርማታ። ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ በተለምዶ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለትም 7.2 ከረጢት ይይዛል፤ ልኩ 1 ለ2 ለ3 ነው። የ50 ኪሎ ከረጢት መጠን 35 ሊትር ያህል ስለሆነ የመለኪያ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ይሠራል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር፣ 25 ሊትር ውሃ። ሲሰላ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.52 አሸዋና 0.78 ጠጠር ይሆናል። የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ሳጥኑ ተቆልሎ ይሞላል፤ በጣውላ ካልተላጨ ልኩ የለም። ሁለተኛ፣ እርጥብ አሸዋ ይነፋል፤ በሳጥን ስትለኩት ከሚገባው ያነሰ አሸዋ እየገባ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ውሃ ነው። ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ለባሬላ ተሸካሚውና ለአፍሳሹ እንዲቀል አንድ ጆግ ይጨምራል፤ ከዚያ ሌላ ጆግ። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው ከ0.5 ወደ 0.65 ሲሄድ ጥንካሬው በሩብ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ በዓይን ግን አርማታው እንዲያውም ያማረ ይመስላል። ለዚህ ነው ስላምፕ (አርማታው ምን ያህል እንደሚሰጥም የሚለካ ፈተና) የሚሠራው፦ 30 ሳንቲ ቁመት ያለው ኮን፣ ሦስት ንብርብር፣ እያንዳንዱ 25 ጊዜ በ16 ሚሊ ዘንግ ይወጋል፤ ኮኑ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ኮኑን እያጣመሙ ማንሳት አርማታውን ወደ ጎን ይደረምሰዋል፤ ያ ንባብ አይያዝም።

15 ሳንቲ የአርማታ ኪዩብ ስትጨፈልቁ ማሽኑ የሚያሳያችሁ ኪሎ ኒውተን ነው። 25 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር ለመድረስ 562.5 ኪሎ ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህን ቁጥር በቃል ያዙት። በ7ኛው ቀን የ28ኛው ቀን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጠበቃል፤ የደሴ ሐምሌ ብርድ ላይ ግን ያንስ ይሆናልና ኪዩቡ የት እንደከረመ ሳይጠየቅ አይፈረድም።

ዋጋ ትንተና ላይ ተማሪው ጉልበቱን የሚያፈሰው የሲሚንቶ ዋጋ ማሳደድ ላይ ነው። ዋጋው ከሦስት ሱቅ ይጠየቃል፣ ይጻፋል፣ አለቀ። ውጤቱን የሚወስነው የሥራ ውጤት በሰዓት የሚባለው ነው። ለስሌት ያህል ግንበኛው በሰዓት 120፣ ሁለት ረዳቶች 60፣ 60፣ ፎርማኑ 160 ሆኖ ሩብ ጊዜውን ብቻ ቢሰጥ 40፤ ድምሩ በሰዓት 280 ብር ነው። ቡድኑ በሰዓት 0.8 ካሬ ሜትር ብሎኬት ከገነባ የእጅ ዋጋው በካሬ 350 ብር፤ 1.25 ብላችሁ ከገመታችሁ 224 ብር። 400 ካሬ ግድግዳ ላይ ልዩነቱ 50,400 ብር ነው። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ አትቅዱት። ከካምፓስ አቅራቢያ ግንባታ አይጠፋምና ሄዳችሁ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ፤ ከጠዋቱ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ፣ ምክንያቱም ከምሳ በኋላ ያለው ሁልጊዜ ያንሳል። ብሎኬቱን እየቆጠራችሁ ከሆነ 40 በ20 ያለው በካሬ 12.5 ነው፤ የአንድ ሳንቲ መጋጠሚያ ሲገባ 11.6 ይሆናል፤ 13 ብሎ የሚይዝ ሰው ስብራቱን አካቶ ነው። ሥራው መሐል ገብቶ ከማስፈታት ዳር ቆሞ ማየት ይሻላል። ግንበኛው ሲያርፍ «ጋሼ፣ ይቺን ማዕዘን እንዴት እንደያዟት ያሳዩኝ» ያለ ተማሪ ከቱንቢው ጋር ግማሽ ሰዓት ትምህርት ይቀበላል፤ «እኔ ኢንጂነር ነኝ» ያለው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውላል።

መርሐ ግብር ላይ አንድ የወሎ ጉዳይ አለ። የመማሪያው ምሳሌዎች ሁሉ አንድ ክረምት ይዘው ነው የሚሠሩት። የደቡብ ወሎ ደጋ ግን በልግም አለው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ ሊጥል ይችላል። መስከረም ላይ ውል ፈርሞ፣ ቁፋሮውን ለየካቲት አቆይቶ፣ «የበጋ ሥራ ነው» ብሎ የተቀመጠ መርሐ ግብር ዋልካ ላይ ይነከራል። ቁፋሮ፣ መሠረትና ሙሌት ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲያልቁ አድርጋችሁ ሳሉ፤ ልስንና የውስጥ ሥራ በልግን ይችላል። እንደ ፕሪማቬራና ኤምኤስ ፕሮጀክት ያለ የመርሐ ግብር ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት አሥራ አምስት ሥራ ያለው ኔትወርክ (የሥራ ቅደም ተከተል ሥዕል) በወረቀት ሥሩ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስሉ፤ ፍሎታቸው (ፕሮጀክቱን ሳያዘገዩ መቆየት የሚችሉት ጊዜ) ዜሮ የሆኑትን አቅልሙ። ሶፍትዌሩ ቀይ ያደረገው መስመር ለምን ቀይ እንደሆነ መመለስ የማይችል ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሲያቀርብ ይጨነቃል።

ውል አስተዳደር ሽምደዳ ይመስላል፤ ግን ክፍያ ሲዘጋጅ ነፍስ ይዘራል። 10 ሚሊዮን ብር ውል፣ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ተሰጥቷል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ላይ የተሠራው 2 ሚሊዮን ብር ነው። ከቅድመ ክፍያው በዚያው መጠን 600,000 ይመለሳል፤ 5 በመቶ መያዣ 100,000 ይቀራል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመግባቱ በፊት የሚከፈለው 1,300,000 ነው። ሁለተኛው ክፍያ ሲመጣ የሚጻፈው እስከ ዛሬ የተሠራው ጠቅላላ ሆኖ ያለፈው ይቀነስለታል እንጂ የወሩ ብቻ አይጻፍም። በወር ብቻ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ጊዜ የገባ ስህተትን መልሶ የሚያርምበት መንገድ ያጣል። መዘግየት ላይ በአገራችን የግዢ ሰነዶች የተለመደው ቅጣት በቀን ከሺህ አንድ፣ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። በዚህ ውል በቀን 10,000 ብር ማለት ነው፤ መቶ ቀን ላይ ጣሪያው ይሞላል። ስለዚህ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ስዕል ያልደረሰበት ቀን፣ ሳይቱ ያልተረከበበት ቀን በዕለቱ መዝገብ ላይ መስፈሩ ገንዘብ ነው።

ኢንተርንሺፕ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ የሚወጣው፣ ብዙ ተማሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያሳልፈው ነው። ድርጅት ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ሥራው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ጠይቁ። መሠረትና ስትራክቸር ላይ ያለ ትንሽ ሕንፃ፣ ቀለም ላይ ከደረሰ ትልቅ ፕሮጀክት ይበልጣል። በየቀኑ የምትጽፉት የአየሩን ሁኔታ፣ በየሙያው የሰው ብዛት፣ ማሽን የሠራበትና የቆመበት ሰዓት፣ የገባ ዕቃ፣ ከየት እስከ የት ምን መጠን እንደተሠራ፣ የተሰጠ ትዕዛዝና ትዕዛዙን የሰጠው ሰው የሥራ ድርሻ ነው። «ዛሬ የአርማታ ሥራ ተሠራ» የሚል ሎግ ቡክ ዋጋ የለውም።

ሳይቱ ቀዝቀዝ ካለ ስቶር ግቡ። እዚያ የሚሠራ ስሌት ቢሮ ካለው ሁሉ ይበልጣል። የወሩ አርማታ 45 ሜትር ኩብ ከሆነ በ7.2 ሲባዛ 324 ከረጢት ነው። ስቶሩ ያወጣው 360 ከሆነ 36 ከረጢት፣ 11 በመቶ ትርፍ ሄዷል። ወደ ስርቆት ከመሮጥ በፊት በቅደም ተከተል አጣሩ፦ ካሳፎርማው ሆዱ ተነፍቶ አርማታ በልቷል? የሶሌታው (የወለል አርማታው) ውፍረት 15 ተብሎ 17 ሆኗል? ሊን ኮንክሪት (ከመሠረት ሥር የሚነጠፍ ስስ አርማታ) እና ልስን ከዚያው ሲሚንቶ ወጥቷል? የተቀደደና የጠጠረ ከረጢት ተቆጥሯል? እነዚህ ሁሉ ተጣርተው የቀረ ካለ ያኔ ለኃላፊው በጽሑፍ ይቀርባል። ተማሪ ሆኖ ሰው መወንጀል ግን የናንተ ሥራ አይደለም፤ ቁጥሩን አቅርቡና ተዉት።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥያቄው የምርጫ ስለሆነ ከስትራክቸር እስከ ውል ድረስ ሰፋ ብሎ ይመጣል፤ ለኮተም ተማሪ የሚከብደው በሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት አልፎ የረሳው የሲቪል ክፍል እንጂ የማኔጅመንቱ አይደለም። አምስተኛ ዓመት መግቢያ ላይ የድሮ ደብተሮቻችሁን አሰባስቡ፤ ለጀማሪዎች አድላችሁ ከሆነ ሂዱና ፎቶ አንሷቸው።

ለሥራ ስትወዳደሩ አንዳንድ ቀጣሪ አንድ ገጽ የመሠረት ፕላንና ባዶ ቴክ ኦፍ ሺት ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት ይተዋችኋል። ከዚያ በፊት በራሳችሁ እጅ የተሠራ አንድ ሙሉ የጂ+1 (ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ) ቴክ ኦፍ፣ አንድ የፌሮ ዝርዝር፣ ሳይት ላይ በለካችሁት ውጤት የተሠራ አንድ የዋጋ ትንተናና አንድ የክፍያ ሰነድ በፋይል ይኑራችሁ። ከኢንተርንሺፕ የወሰዳችሁት ሰነድ ከሆነ የድርጅቱን ስምና ዋጋ ማጥፋት፣ ፈቃድም መጠየቅ ግድ ነው። ጠያቂው ከፋይሉ አንዱን መስመር ነጥሎ «ይቺ 3.70 ከየት መጣች?» ማለቱ አይቀርም።